በጎርፍ ሜዳ ላይ የአኻያ ቁጥቋጦን እንዴት እንዳጠናሁ

በወንዝ ዳር በሚገኝ የአኻያ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን የዕፅዋት ማኅበረሰብ ለማጥናት ስነሣ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ከውሃው ጠርዝ ወደ ሜዳው ገመድ ዘረጋሁ፤ በየ10 ሜትሩም አራት ማዕዘን ቦታ ከልዬ በውስጡ የበቀለውን ሁሉ መዘገብሁ። መዝገቡን ስመረምረው ግን አንዱ ቦታ ከሌላው የማይለይ ሆነብኝ፤ በባዶ ጠጠር ላይ የሚበቅለው ለጋ አኻያም ሆነ የሰባ ደለል የሚወደው ሳማ በየቦታው አብረው የሚኖሩ ይመስሉ ነበር።

ጥፋቱ የአከላለሌ ነበር። የወንዝ ዳር ዕፅዋት ወራጁን ውሃ ተከትለው እንደ መቀነት ይዘረጋሉ፤ አንዱ መቀነት 3 ሜትር ብቻ ሲሰፋ ሌላው 30 ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ካሬዎቼ ሁለትና ሦስት መቀነቶችን ባንድነት ስለቆረጡ የተለያዩ ማኅበረሰቦችን ቀላቅዬ መዝግቤ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አስቀድሜ ዳርቻውን ከላይ እስከ ታች በእግሬ ተመላልሼ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ የቆዳ ስፋታቸውን ሳልለውጥ ቅርጻቸውን ጠባብና ረጅም አድርጌ እያንዳንዱን ቦታ በአንድ መቀነት ውስጥ ከለልሁ። የየዝርያውን ሽፋን፣ ማለትም ከቦታው ምን ያህሉን እንደሚሸፍን፣ ሽፋንን በደረጃ ቁጥር በሚገልጸው በብራውን-ብላንኬ መለኪያ ገመትሁ፤ በዚህ መለኪያ 5 ማለት ከ75 በመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የየቦታውን ከፍታ ከዝቅተኛው የውሃ ልክ ተነሥቼ ሌቭል በሚባለው የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ መለካቴ ነው። ከውሃው እኩል የሚርቁ፣ በከፍታ ግን በግማሽ ሜትር የሚለያዩ ሁለት ቦታዎች ፈጽሞ የተለያዩ ዕፅዋት ነበሯቸው። ምክንያቱ በአኻያው ዘር ይጀምራል። ዘሩ ጥጥ የመሰለ ጭገር ያለውና እጅግ ትንሽ ሲሆን የመብቀል አቅሙ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጎርፉ ሸሽቶ ባዶና እርጥብ ያደረገው አሸዋ ወይም ደለል ላይ ማረፍ አለበት፤ ከበቀለም በኋላ ሥሩ እየወረደ የሚሄደውን የከርሰ ምድር ውሃ መከተል ይኖርበታል። ከፍ ካለ ቦታ ላይ የወደቀው ይደርቃል፤ ዝቅ ካለው ላይ የበቀለውን ደግሞ የሚቀጥለው ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ለጋ አኻያዎች ተመሳሳይ ዕድሜ ይዘው በአንድ የከፍታ ልክ ተሰልፈው ይገኛሉ።

ዕድሜያቸውን ለማወቅ ግንዱን ከመሬቱ ወለል ላይ ቆርጬ የዓመት ቀለበቶቹን ቆጠርሁ፤ ቁጥሩም ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ ሆነ። አንዱን ሥር ተከትዬ ስቆፍር ምክንያቱ ተገለጠልኝ። መሬት የመሰለኝ ወለል ጎርፍ በየጊዜው ያነባበረው ደለል ነበር፤ አኻያው በተቀበረ ቁጥር ከግንዱ አዳዲስ ሥሮች አውጥቷል፤ ዘሩ የበቀለበት ቦታም ክንዴ ከሚደርስበት በታች ነበር። ቆጠራው ከዚያ ጥልቀት ካልተጀመረ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጠፋሉ። ሥሮቹ የወጡባቸውን ደረጃዎች ከዚያ ወዲህ መመዝገብ የጀመርሁት ደለሉ ስንት ጊዜ እንደተነባበረ ስለሚጠቁሙኝ ነው።

ዝርያዎቹን መለየትም አድካሚ ነው። ወንዴውና ሴቴው አበባ በተለያዩ ዛፎች ላይ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ቅጠል ሳያወጡ ያብባሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይዳቀላሉ። ስለዚህ በየግንዱ ላይ ቁጥር አስሬ አንድ ጊዜ በአበባ፣ ሌላ ጊዜ በቅጠል ወቅት መጎብኘት ግድ ሆነብኝ።

አንድ ስሕተቴ ዛሬም ያስቀኛል። የቦታዎቹን ማዕዘን ምልክት ለማድረግ በቅርብ ያገኘሁትን የአኻያ ቅርንጫፍ እየቆረጥሁ ተክዬ ነበር። ለሁለተኛው ጉብኝት ስመለስ ችካሎቼ ሥር ሰደው፣ ቅጠል አውጥተው ጠበቁኝ፤ ከመዝገቡ ውስጥ ለይቼ ማውጣት ነበረብኝ። አሁን የምተክለው የብረት ችካል ነው።