17 ኪሎባይት

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሾርትከት ነው።»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይህች አነጋገር አልለቀቀችኝም። ጥርሴን ስቦርሽ ትመጣለች። የታክሲ ሰልፍ ላይ ትመጣለች። ባለፈው እሁድ ቅዳሴ መሀል መጣችብኝና አንገቴን ደፋሁ፤ አጠገቤ የቆሙት ሰውዬ በጸሎት የተመሰጥኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዳንዴ ደግሞ «ፋዘር» የምትለዋ ብቻዋን ትመጣለች። ገና አርባ አልሞላኝም እኮ!

ላፕቶፔ ዘንድሮ አስቸገረኝ። ስከፍተው አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይደርሳል፣ እሱ ገና ነጥቦቹን እያሽከረከረ ነው። ተከፈተ ስል ደግሞ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ያዘነ ፊት ያሳየኛል። ያስቸገረኝ እሱ፣ ያዘነው እሱ።

በዚህ ከተማ ደግሞ ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት፣ ማለትም ሁሉን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ድምፅ አልሰማ አለ? ፎርማት። ስክሪኑ ተሰነጠቀ? «እስቲ መጀመሪያ ፎርማት ይደረግና እናየዋለን።» የድሮ ድሬሰር የመጣውን በሽተኛ ሁሉ መርፌ ይወጋ እንደነበረው ማለት ነው።

እኔ ግን እንደ ሌላው ሰው ዝም ብዬ አልወጋም። ባክአፕ የሚባል ነገር፣ የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ መያዝን፣ አውቃለሁ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። 143 አባል ከነቤተሰቡ፣ የማን መዋጮ እንደቀረ፣ ድንኳኑን ማን እንደመለሰ፣ አንዱን ብረት ድስት ማን እንዳስቀረ፣ ሁሉም እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ጸሐፊነቱን በተረከብኩበት ስብሰባ ተነሥቼ «ከእንግዲህ ወረቀት ማገላበጥ ቀርቷል፤ እድራችን ዲጂታል ሆኗል» ብዬ ተናግሬአለሁ። ተጨብጭቦልኛል። ጭብጨባውን ያዙልኝ።

ላፕቶፑን ሠሪ ጋ ከመውሰዴ በፊት በነበረው ማታ 32 ጊጋ ፍላሽ ሰካሁ። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ መረጥኩ። ኮፒ። ፔስት። አለቀ።

አለቀ ስላችሁ የምሬን ነው። ያቺ አረንጓዴ መስመር እንኳን ብቅ ለማለት ጊዜ አላገኘችም። እዚህ ጋ ጤነኛ ሰው ቢሆን ይጠረጥራል። እኔ ፍላሹን አደነቅሁ። «ይሄ ፍላሽ ዕቃ ነው!» አልኳት ባለቤቴን። ከየት እንደገዛሁት፣ ስንት ብሎኝ በስንት እንዳወረድኩት፣ ከቻይናው በምን እንደሚለይ አሥር ደቂቃ አስረዳኋት። እሱም የቻይና ነው፣ በኋላ አይቼዋለሁ። ለእህቴ ልጅም አንድ እንደዚህ ያለ እገዛለታለሁ አልኩ። ወደዚህ ልጅ እንመለሳለን።

በነጋታው መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ወረድኩ። ጠባብ ሱቅ ናት። ፕሪንተር ያቀፈች ሴትዮ አለች፣ ሁለት ተማሪዎች አሉ፣ ባንኮኒው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ተዘርረዋል። ሠሪው ልጅ ቀና ሳይል «ፋዘር፣ ባክአፕ ይዘዋል?» አለኝ። ኪሴን መታ መታ አደረግኩ። «ሙሉውን» አልኩ።

«እንግዲያው ሲን ልጥረገው?» ሲ ማለት ዊንዶውሱ የተቀመጠበት የዲስኩ ክፍል ነው።

«ጥረገው!»

ድምፄን መስማት ነበረባችሁ። ጦር አዛዥ ነበር የምመስለው። ይባስ ብዬ እስኪጠርገው ድረስ ወደ አንደኛው ተማሪ ዞሬ «ሁልጊዜ ባክአፕ መያዝ ነው፤ የኛ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል» ብዬ መከርኩት። ልጁም ትሑት ነው፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሲያልቅ ፍላሹን ሰጠሁት። ሰካው። «እድር» የምትለዋን ሁለቴ ነካት። አልተከፈተችም። ይህ ሾርትከት የሚያመለክተው ነገር ተዛውሯል ወይም ተቀይሯል የሚል መልእክት መጣ። ሌላዋን ነካት። ያው። ሦስተኛዋን። ያው። ከዚያ በጣቱ ከእያንዳንዷ ምስል ታች በግራ በኩል ያለችውን ትንሽዬ ቀስት አሳየኝ፤ ያቺን መጀመሪያ ላይ የጠቀስኳትን አነጋገርም ተናገረ። ዝግ ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት? ሴትዮዋ ፕሪንተሯን እንዳቀፈች አንገቷን አሰገገች። የመከርኩት ተማሪም ለማየት ጠጋ አለ።

አሥራ አንድ ምስል። ሁሉም ሾርትከት፤ ፋይሉ ራሱ ሳይሆን ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ምልክት ብቻ። ድምሩ 17 ኪሎባይት።

እስቲ ይህን ቁጥር አብረን እንየው፤ ብቻዬን ከብዶኛል። ምንም ያልተጻፈበት ባዶ የዎርድ ፋይል እንኳን 12 ኪሎባይት አካባቢ ይመዝናል። ባዶ! በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ሁለት ሦስት ሜጋባይት ነው፤ 17 ኪሎባይት የእሱን መቶኛ አይሞላም። እኔ እንግዲህ 143 የእድር አባል፣ የባለቤቴን ሲቪ፣ የቤት ካርታ ስካን፣ የልጄን የመጀመሪያ ልደት ቪዲዮ፣ ይህን ሁሉ ከአንዲት ፎቶ ጥፍር በማትበልጥ ነገር ይዣለሁ ብዬ ኪሴን መታሁ። ቪዲዮው ብቻውን 3 ጊጋ ነበር። 3 ጊጋ በአንድ ጥቅሻ ሲገለበጥ አይቼ፣ የፍላሹን ጥራት ለሚስቴ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። በአጭሩ የቤቱን አድራሻ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከተትኩና ቤቱን በዶዘር አስፈረስኩ። ዶዘሩን ደግሞ «ግፋ!» ያልኩት እኔው ነኝ።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ። ለመስቀል ቤት መጥቶ «ጋሼ፣ ዴስክቶፕህ ምናለሽ ተራ መሰለ፣ ላስተካክልልህ» አለኝ። አስተካከለው። ፋይሎቹን በሙሉ ዶክመንትስ ውስጥ ከተተና ዴስክቶፑ ላይ ሾርትከታቸውን ብቻ ተወልኝ፣ በቀላሉ እንዳገኛቸው ብሎ። ዶክመንትስም ያው ሲ ላይ ነው፣ ዴስክቶፕም ሲ ላይ ነው። ብደውልለት «አልነገርኩህም እንዴ?» አለኝ። ነግሮኝ ይሆናል፤ የዚያን ቀን ክትፎ ነበር።

ሠሪው ፋይሎቹን ፈልቅቆ ያወጣልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው፣ ከተጠረገ በኋላ ተስፋ የለውም» አለኝ። ቢያንስ ሌላው የዲስኩ ክፍል፣ ዲ፣ ተርፏል ብዬ ተጽናናሁ። ቤት ገብቼ ዲን ከፈትኩ። የተረፈልኝ ይህ ነው፦ ከሞተ አራት ዓመት የሆነው ፕሪንተራችን ድራይቨር፣ መጨረሻ ክፍሉ የጎደለ የቱርክ ድራማ፣ የጎረቤታችን የሠርግ ቪዲዮ በሦስት ክፍል። ጎረቤታችን ከሠርጉ በኋላ ተፋትተዋል። ቪዲዮው ግን ጥራቱ ፍጹም ነው።

አይ፣ አንድ ፋይል ነበር። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል ከነጠብጣብና ጭረቱ ተዘርግፎ ቁጭ። ደንቡ የተጻፈው በዱሮው ፎንት ነዋ፤ ፎንቱ ደግሞ ከሲ ጋር አብሮ ተጠርጓል። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በጋራ የሚጻፉበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከቪስታ እትሙ ጀምሮ ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። እስካሁን ግን ያንኑ ፎንት ካልጫንክ የማይነበብ ደብዳቤ የሚልክ መሥሪያ ቤት አለ። «አልተነበበልኝም» ስትላቸው «ፎንቱን ጫነው» ይሉሃል። ፎንቱን የሚልኩልህም እዚያው በማይነበበው ደብዳቤ መመሪያ መሠረት ነው። ይቅርታ፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ዋይፋዩም የለም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ላፕቶፑ ብቻ ነበር። በስልኬ ዳታ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አነበብኩ። ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ለካ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ከ2012 ማለት ነው፣ ፋይል ሳይነኩ ሲስተሙን ብቻ የማደስ ምርጫ ኖሯል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት የሚል አለ፤ ስትነካው ፋይሎቼ ይቀመጡ ወይስ ሁሉም ይጥፋ ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። ፕሮግራምና ሴቲንግ ይጠርጋል፣ ሰነድና ፎቶ ይተዋል። ፕሮግራሞቹም እንዲቀሩልህ ከፈለግህ ደግሞ ዊንዶውሱ ክፍት እንዳለ መጫኛውን ከውስጥ ሆነህ ታስነሣዋለህ፤ ሁሉንም እንደነበረ አስቀምጦ ራሱን ይጭናል። ሲን ሳይጠርጉ አዲሱን ከላዩ ቢጭኑት እንኳን አሮጌው ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጥልሃል። ማሽኑ ይጠይቃል ነው የምላችሁ። ያልጠየቀኝ ሰው ነው። እርግጥ ጠይቆኛል፣ «ልጥረገው?» ብሎኛል። ቢሆንም ባለሙያው እሱ ነው! እኔ «ጥረገው» ስል ድምፄ እንኳን አያስጠረጥርም?

የእድሩ ስብሰባ እሁድ ነበር። የቀረኝ ሰው አንድ ነው፦ ገንዘብ ያዧ እትዬ።

እትዬ ያን ቀን ካላጨበጨቡት ሁለት ሰዎች አንዷ ናቸው። በየወሩ መጨረሻ ኤክሴሉን ልላክልዎት ስላቸው «እኔ ያንን አላውቅም፣ ፎቶ አንሣና በቴሌግራም ላክልኝ» ይሉኛል። ዲጂታል የሆነ መዝገብ በስልክ ፎቶ ማንሣት! እያጉረመረምኩ ላፕቶፑን ፎቶ አነሣና እልካለሁ። ከዚያ እኔ አጠፋዋለሁ፣ ቻቱንም አጸዳዋለሁ፤ ንጹሕ ስልክ እወዳለሁ። እርሳቸው ምንም አያጠፉም። «ስልኬ ሞላ» እያሉ ባማረሩ ቁጥር «እትዬ፣ አሮጌውን ያጥፉት እንጂ» እያልኩ የምመክራቸውም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ነገሩን በደንብ አለዝቤ ነገርኳቸው። ሲስተሙ ላይ ትንሽ ችግር ተፈጠረ አልኩ።

«ጠፋ?»

«ማለት… ሲስተሙ…»

«አሮጌው መዝገብስ?»

አሮጌው መዝገብ 2015 ላይ ያበቃል። ያለበትን ቦታም አልነገርኳቸውም። ላፕቶፑ እንዳይሞቅ ከሥሩ የማነጥፈው እሱን ነው።

መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን ወደ ላይ ወደ ላይ ገፉ። የአምናው የእንቁጣጣሽ ካርድ አለፈ። የካቻምናው አለፈ። ከመሀል የእኔ ፎቶዎች መጡ፣ በወር በወሩ፣ አንድም ሳይጎድል። ሁሉንም መልሰው ላኩልኝ። ሲጨርሱ ቡና እየቀዱልኝ «አንተ ልጅ፣ ዲጂታሉ ይሄ ነው እንዴ?» አሉኝ። አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ከፎቶዎቹ ላይ እየለቀምኩ እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው። ስክሪን ፎቶ ሲነሣ እንዴት እንደሚዥጎረጎር ታውቃላችሁ። አብዛኞቹ ላይ ከስሞቹ በስተጀርባ በካናቴራ ሆኜ እታያለሁ። ያም ሆኖ 60ኛው አባል ድረስ በሰላም ደርሻለሁ። 61ኛው ላይ ግን በየወሩ፣ በሁሉም ፎቶ፣ አውራ ጣቴ አለ።