«ስንቁ ነው በል»

እማዬን ይዤ ኢየሩሳሌም የምወጣው በየዓመቱ ለቤተ እስራኤላውያኑ በዓል ለሲግድ ነበር። ዘንድሮ ግን ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለን ሄድን፤ ወፍ ለማየት። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ከኔታንያ ተነስተን ሲነጋጋ ደረስን። በክኔሴት፣ ማለትም በእስራኤል ምክር ቤት፣ እና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መካከል፣ ግማሽ ሄክታር በምትሆን ቦታ ላይ፣ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ የወፎች መመልከቻ አለ። ቁጥቋጦ፣ ትንሽ ኩሬ፣ ተደብቀው የሚያዩባት የእንጨት ጎጆ። ሌላ ነገር የለውም።

እማዬ የፈለገችው ሽመላ ነበር። ወገራ ልጅ ሳለች፣ ሽመላ ሲያልፍ ከእኩዮቿ ጋር እየሮጠች የኢየሩሳሌምን ደህንነት ትጠይቀው እንደነበር ስንቴ ነግራኛለች። እውነትም መንገዱ በዚህ ነው። ሽመላ የሚንሳፈፈው ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ስለሆነ ሰፊ ባሕር አያቋርጥም፤ ከምሥራቅ አውሮፓ ሲወርድ ሜዲትራኒያንን ዞሮ በእስራኤልና በሲና በኩል ወደ አባይ ያቀናል። ግን የሚበዛው በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ እኛ የመጣነው በጥቅምት። ቀድሜ ማጣራት ነበረብኝ። ባዶውን ሰማይ ስታይ ሆዴ ተላወሰ።

ወፎች ከሚያዙበት መረብ ዘንድ አንዲት ወጣት በጨርቅ ከረጢት ወፍ ይዛ መጣች። ግራጫ፣ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ፤ በዕብራይስጥ «ባለ ጥቁር ኪፓ» ይሉታል። እግሩ ላይ ቁጥር ያለው የብረት ቀለበት አሰረችለት። «አይከብደውም?» አለች እማዬ። አይከብደውም፤ በጣም ቀላል ነው። ሚዛኑ 21 ግራም አለ፤ የእንቁላል ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወጣቷ ሆዱን እፍ አለችበት። ላባው ተከፈለና በስስ ቆዳው ሥር፣ ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ፣ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነገር ታየ። «ሹማን» አለች።

«ሞራ ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

«ሞራ አትበል፣ ልጄ። ስንቁ ነው በል።»

ወጣቷ ቀሪውን መንገድ ነገረችን። ሲናን፣ በረሃውን፣ ሱዳንን አልፎ፣ የአውሮፓ ብርድ እስኪያልፍ በምሥራቅ አፍሪካ የሚከርም ወፍ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋም ይገኛል። እማዬ «ሱዳን» ሲባል ቀና አለች። በ1984 እሷ ያንን አገር በእግሯ፣ በሌሊት ነው የገባችው፤ ስንቃቸው ያለቀው ድንበሩ ሳይደርሱ ነበር። ስለዚያ መንገድ ብዙ አታወራም፤ ያን ጠዋትም አላወራችም።

ወፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት። ለአፍታ ጋደም ብሎ ቆየ፤ የልቡን ትርታ በጣቷ እንደሰማችው ነገረችኝ። ከዚያ ፉር ብሎ ኩሬው ዳር ካለው ቁጥቋጦ ገባ።

«አልሄደም እኮ» አልኳት።

«ገና መች ጠገበ?» አለችና ቦርሳዋን ከፍታ፣ ለመንገድ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ ለወጣቷ ዘገነችላት።