አምና ሰጥተው ዘንድሮ ያልሰጡ

ዛሬ የዋልኩት የለጋሾችን መዝገብ ሳጸዳ ነው። ብዙ ሰው አሰልቺ ሥራ ይለዋል። እኔ እወደዋለሁ። አንድ ለጋሽ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ አንዴ በሥራ ኢሜይሉ፣ አንዴ በግል ኢሜይሉ፣ አንዴ ደግሞ ስሙ አንድ ፊደል ተሳስቶ። እንዲህ ሲሆን የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤያችን ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል። ለዓመታት የሰጠን ሰው እንደ አዲስ ሰው "እንተዋወቅ" ይባላል። ቢቀየም አልፈርድበትም።

የምንጠቀመው ሲቪሲአርኤም የተባለውን ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። የሚመሳሰሉ መዝገቦችን ፈልጎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የትኛው ስልክ ይቅር፣ የትኛው አድራሻ ይያዝ እያለ መስመር በመስመር ያሳያል። ሲዋሃዱ የሰውየው የልገሳ ታሪክ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ነው ሰውየውን በትክክል የማየው። በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳደገ፣ አንድ ዓመት ያቋረጠ፣ ከዚያ የተመለሰ ሰው።

ከሪፖርቶቹ ሁሉ የምወደው አምና ሰጥተው ዘንድሮ ገና ያልሰጡትን የሚያወጣው ነው። ለኔ ከማንኛውም የማስታወቂያ ዘመቻ ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች ሥራችንን አንዴ አምነው ኪሳቸውን የከፈቱ ናቸው። አብዛኞቹ ተቀይመው አይደለም የጠፉት፤ ማንም ስላላስታወሳቸው ነው። አንድ ስልክ ይበቃል። ሌላም የምወደው ነገር አለ። ገንዘቡ ከመሥሪያ ቤት አካውንት ገብቶ ያስተባበረው አንድ ሠራተኛ ከሆነ፣ ደረሰኙ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይወጣል፤ የሠራተኛው ድካም ግን በራሱ ገጽ ላይ ይያዝለታል። የምናመሰግነውን ሰው እናውቃለን ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ስሙ ለምን አይነሳም? ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ይኸው ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የለጋሾቹን መዝገብ የሚይዘው በዚሁ ነው። ለሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ነጻነት የሚሟገተው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ይሆናል ብሎ በይፋ ደግፎታል። ሆኖም የቦርድ ስብሰባ ላይ ስሙን ሳነሳ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" ነው የሚሉኝ።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ሻጭ የሌለው መሆኑ ነው። የንግድ ሶፍትዌር ሻጩ ቢሮ ድረስ ይመጣል፣ አምሮ የተሠራ ማሳያ ይከፍታል፣ ጥያቄ ሲነሳ መልሱን ይዞ ይጠብቃል። ኦፕን ሶርሱን ወክሎ ቦርድ ፊት የሚቆም የለም። የሚሠሩት ሰዎች ኮዱን በማስተካከል ተጠምደዋል። የሚጠቀሙት ደግሞ ዝም ይላሉ። ለጋሹም አያየውም፤ እሱ የሚያየው ቅጹንና ደረሰኙን ብቻ ነው።

ነጻ ነው የሚለው ቃል ራሱ ይጎዳዋል ብዬ አስባለሁ። የሂሳብ ሰው ነጻ ሲባል ይጠራጠራል፣ እውነቱንም ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም እንጂ ሰርቨር ይከራያል፣ ማሻሻያ በየጊዜው ይጫናል፣ የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ (ባካፕ) ይያዛል፣ የሚያውቅ ባለሙያ ይከፈለዋል። ይህን ደብቆ ማስተዋወቅ ትልቅ ጥፋት ነው። ተታለልኩ ያለ ድርጅት ሁለተኛ አይመለስም። ዳታው በእጃችን ነው ስንልም ጥበቃው በእጃችን ነው ማለታችን ነው።

ግን በእጃችን መሆኑ ለኔ ሁሉን ያካክሳል። ድሮ በሠራሁበት ቦታ የለጋሾቹ መዝገብ በአንድ ኩባንያ ሲስተም ውስጥ ነበር። ዋጋው ሲጨምር እንውጣ አልን። የተሰጠን ፋይል ስምና አድራሻ፣ የገንዘቡም መጠን ነበረው። ከለጋሾች ጋር ያደረግናቸው ንግግሮች ማስታወሻ ግን አልነበረም። ማን እናቱን ለማስታወስ እንደሚሰጥ፣ ማን ስልክ ሲደወልለት እንደማይወድ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። እነዚህ ሰዎች ያመኑት እኛን ነው፣ ኩባንያውን አይደለም። መዝገባቸውን ይዘን መውጣት ካልቻልን አደራውን በምን እንጠብቃለን?

ስለዚህ ለዘንድሮው ዓመታዊ ሪፖርት አንድ አንቀጽ ጽፌ አቀረብኩ። በምን ሶፍትዌር እንደምንሠራ፣ በዓመት ምን ያህል እንደሚያስወጣን፣ የት እንዳስቸገረንም ጭምር። ዳይሬክተራችን አነበቡትና "ለጋሾቻችን ይህን ቢያውቁ ምን ይጠቅማቸዋል?" አሉኝ። ለለጋሾቹ ብቻ አይደለም አልኳቸው። ሪፖርታችንን ሌሎች ድርጅቶችም ያነባሉ። ቦርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሌላ ማን ይጠቀምበታል?" ብሎ ነው፤ አንዱ ሒሳብ ያዥ የኛን ገጽ ከፍቶ "እነዚህ" ቢል ሥራው ይቀልለታል። ደግሞም ተጠቃሚ ሲበዛ ለጥገናው የሚያዋጣው፣ ስህተት አይቶ የሚጠቁመው፣ መመሪያውን የሚተረጉመው ይበዛል። ከዚያ እኛም እንጠቀማለን።

አንቀጹ እንዲገባ ፈቀዱ። ለፈቃድ ባለመክፈላችን ከተረፈን ገንዘብ የተወሰነውን ለሶፍትዌሩ አልሚዎች እንድናዋጣ ያቀረብኩት ሐሳብ ደግሞ በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ይታያል። ሒሳቡን ነገ ሠርቼ እልክላቸዋለሁ።