ፎርሙ ላይ ቦታ ያጣው ቁጥር

የማታ ተረኛ ነበርኩ። የምሠራው አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ሥር ባለች ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ፖርተሩ የደም ጋዝ ሲሪንጅ ይዞ መጣ። በረዶ ላይ አልተቀመጠም። የተቀዳበት ሰዓትም አልተጻፈበትም። ሪኩዌስቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ 52፣ ከዚያ «የትንፋሽ ማጠር» የሚል ብቻ ነው ያለው።

ናሙናውን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ውጤቱ በቀጭን ወረቀት ታትሞ ወጣ። ላክቴት፣ ማለትም ሴሎች ኦክስጅን መጠቀም ሲያቅታቸው ደም ውስጥ የሚበዛው ንጥረ ነገር፣ 11.2 ይላል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ2 በታች ነው።

ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ «ናሙናው ቆይቶ ነው» የሚል ነበር። ትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው። የደም ሴሎች ሲሪንጅ ውስጥ ሆነውም ስኳር ይጠቀማሉ፣ ላክቴት ያመርታሉ። በረዶ ከሌለ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፎርሙ ላይ «ናሙናው ዘግይቷል፣ በድጋሚ ይላክ» ብዬ ጽፌ መለስኩት።

ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማስላት ነበረብኝ። አንድ ሰዓት የቆየ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ ላክቴቱ ከ1 ሚሊሞል በላይ አይጨምርም። 2 የነበረው 3 ይሆን ይሆናል እንጂ 11 አይገባም። ደም ውስጥ አሲድን የሚያመክነው ባይካርቦኔትም በጣም ወርዶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ በመቀመጥ ብቻ ባይካርቦኔት እንዲህ አይወርድም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር እየተናገሩ ነበር፤ እኔ ግን የማውቀውን ምክንያት ለጠፍኩባቸውና አለፍኩ።

40 ደቂቃ አለፈ። ፖርተሩን ስጠብቅ ሲስተር ራሷ መጣች። ከ20 ዓመት በላይ ድንገተኛ ክፍል የሠራች ሴት ናት። ሲሪንጁን በበረዶ ይዛዋለች።

«ወንድሜ፣ የእኚህ ሰው ድምፅ እየተዘጋ ነው። የአፍንጫቸው ፀጉር ተቃጥሏል። አክታቸው ጥቁር ነው» አለችኝ።

«ምን ሆነው ነው?»

«የሶፋ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ናቸው። ቤቱ ሲቃጠል ውስጥ ተኝተው ነበር። አልተጻፈልህም እንዴ?»

አልተጻፈልኝም። እኔም ደውዬ አልጠየቅኩም።

አዲሱን ናሙና አስገብቼ እስኪወጣ የመጀመሪያውን ወረቀት ከቅርጫት አወጣሁት። ማሽናችን ካርቦክሲሄሞግሎቢንን ይለካል፤ ይህም ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ሄሞግሎቢን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭስ መርዝ የያዘው ድርሻ ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሁሌም ያትመዋል። ውጤት የምንገለብጥበት ፎርም ላይ ግን ለእሱ የተሰመረ ቦታ የለም። ቦታ ስለሌለው ዓይናችንም እዚያ ድረስ አይወርድም። ግርጌው ላይ 26 በመቶ ይላል። ሲጋራ የማያጨስ ሰው ላይ ከ3 በመቶ አያልፍም። ብዙ የሚያጨስ ሰው ላይ እንኳ 10 አካባቢ ነው የሚደርሰው።

አዲሱ ናሙናም ወጣ። ላክቴት 11.6፣ ካርቦክሲሄሞግሎቢን 23። የመጀመሪያው ናሙና ምንም አልሆነም ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በተዘጋ ሲሪንጅ ውስጥ ቢቆይ በቀላሉ አይጠፋም። የሚጠፋው ከታማሚው ደም ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይዞት ይወጣል። «በድጋሚ ይላክ» ስል በእጄ የነበረውን ማስረጃ ትቼ የሚሸሸውን እየጠበቅኩ ነበር።

ወደ ሐኪሙ ደወልኩ። «ሳቹሬሽናቸው እኮ 98 ነው፣ በአፍንጫ 2 ሊትር ኦክስጅን ይዘዋል» አለኝ። በሱ አልፈርድም። ጣት ላይ ተደርጎ ሳቹሬሽንን፣ ማለትም ደሙ የያዘውን ኦክስጅን በመቶኛ፣ የሚያሳየው መለኪያ የሚሠራው በሁለት ዓይነት ብርሃን ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ቢሸከም ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢሸከም ለመለኪያው ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። አንድ አራተኛው ደማቸው ኦክስጅን መሸከም አቁሞ ስክሪኑ 98 ይላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥብቀት ነው። በተራ አየር ግማሹ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወርዳል። ከረጢት ያለው ጭምብል በ15 ሊትር ተደረገላቸው። ድምፃቸው እየተዘጋ ስለነበር የሰመመን ባለሙያ ተጠራ፤ ጉሮሯቸው አብጦ ሳይዘጋ ቱቦ ገባላቸው።

የላክቴቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ስፖንጅ፣ ሱፍ፣ ናይለንና አንዳንድ ፕላስቲክ ሲቃጠሉ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያወጣሉ። ሳያናይድ ሴሎች በደም የመጣላቸውን ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ይከለክላቸዋል፤ ላክቴቱም ይቆለላል። የሳያናይድ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓቱ አይደርስም። የፓሪስ ሐኪሞች በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከእሳት በወጡና ከባድ የቆዳ ቃጠሎ በሌለባቸው ሰዎች ላይ ከ10 በላይ የሆነ ላክቴት የሳያናይድ መመረዝን እንደሚጠቁም አሳይተዋል። ያን ሌሊት በወረቀቴ ላይ የነበረው ቁጥር እሱ ነበር። ማርከሻው ሃይድሮክሶኮባላሚን፣ ለአዋቂ 5 ግራም፣ እኛ ጋ አልነበረም። ኦክስጅኑንና ፈሳሹን ይዘን ነጋ። ጠዋት ላይ ላክቴቱ 4 ደረሰ። (ማርከሻው ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ደም ቅዱ። መድኃኒቱ ደማቅ ቀይ ነው፤ በቀለም የምንለካቸውን ምርመራዎች ያበላሻል፣ ካርቦክሲሄሞግሎቢኑንም ጭምር።)

በማግስቱ ሐኪሙ መጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሳንባቸው ምን ያህል እንደተጎዳ የሚነግረኝ የደም ምርመራ አለህ?» ካርቦክሲሄሞግሎቢን ያንን አይነግርም። የሚነግረን ምን ያህል ጋዝ ወደ ደም እንደገባ ነው። 26ም ሆኖ ሳንባው የሚተርፍ አለ፤ 8 ሆኖ የሚከብደውም አለ። ላክቴትም እንደዚያው ነው። የአየር ቧንቧውን የሚልጠው ጥቀርሻው ላይ ተለጥፎ የሚገባው አሲድና ሌላው ኬሚካል ነው። እብጠቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የደረት ራጅ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የሳቸውም ንጹሕ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ሁለቱም በኩል ነጥቶ ታየ።

ተመራማሪዎች የሚከታተሏቸው ፕሮቲኖች አሉ። ሲሲ16 የሚባለው በትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ባሉ ሴሎች ይመረታል። ግድግዳው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ጭስ በተነፈሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደም ውስጥ ለጊዜው ከፍ ብሎ ታይቷል። ሰርፋክታንት ፕሮቲን ዲ የሚባል ሌላ የሳንባ ፕሮቲንም አለ። ተስፋ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሲሲ16 ኩላሊት ሲደክም ያለ ሳንባ ጉዳትም ይጨምራል፣ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ከመነሻው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ የነገርኩት እውነቱን ነው፦ የለኝም። የደም ጋዙን በየ6 ሰዓቱ ላኩልኝ፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ እኔ እደውላለሁ አልኩት። ደወልኩም።

በ12ኛው ቀን ወጡ። ድምፃቸው ሻክሯል። ልጃቸው ደግፋቸው በላብራቶሪው በር ሲያልፉ ሲስተር «ጋሼ፣ ደምዎን ያየው እሱ ነው» አለቻቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ስለ 40ዋ ደቂቃ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንኳን ነገርከኝ» አሉ።

ፎርሙ እንዲቀየር ጠይቀናል። አዲሱ እስኪታተም ላክቴትንና ካርቦክሲሄሞግሎቢንን ከግርጌ በእስክሪብቶ እየጨመርን ነው። ሪኩዌስት ላይም «ከእሳት የወጣ» ወይም «የከሰል ጭስ» ብለው እንዲጽፉልን ከነርሶቹ ጋር ተስማማን። ባለፈው ሳምንት፣ ብርድ በነበረበት ሌሊት፣ ሁለት እህትማማቾች መጡ። ሪኩዌስታቸው ላይ በትልቁ «ከሰል፣ የተዘጋ ቤት» ተጽፏል። የታላቋ ካርቦክሲሄሞግሎቢን 19 በመቶ ነበር። ወረቀቱ ከማሽኑ ወጥቶ ሳያልቅ ስልኩን አንስቼ ነበር።