ዓሦቼ ዛሬ ባልዲ ውስጥ ያድራሉ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት እናቴ «ተነስ፣ ቤቱ ውሃ ሆነ!» ብላ ቀሰቀሰችኝ። የአኳሪየሙ (የዓሦቹ መስታወት ገንዳ) ጥግ ላይ መስታወቶቹን የሚያጣብቀው ሲሊኮን ለቆ ውሃው ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። ዓሦቹን ከተረፈው ውሃ ጋር ወደ ባልዲ አዛወርኳቸው። አንዷ ግን አልተረፈችም። 7 ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ በጣም አዝኛለሁ።

ጠዋት መስታወት ቆራጮች ጋ ሄድኩ። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ ተደርቦ በደንብ አይይዝም፣ ስለዚህ ማስጠገኑን ትቼ አዲስ አዘዝኩ። ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው 6 ነበር! ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት እንዲሆንም አደራ አልኳቸው፤ ያ መድኃኒት ዓሣ ይጎዳል። ሲደርቅ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ለቀናት አየዋለሁ።

እስከዚያ የአየር ፓምፑ ባልዲው ውስጥ ይሠራል። እናቴም እየተመላለሰች ታያቸዋለች።