በአፌ «እቆማለሁ» ብዬ ያልቆምኩበት ጠዋት

የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኘሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጓደኛዬ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ «አንድ ቀን ውሰደኝ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል። አንድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ፤ ደወልኩለት። የዚያን ቀን ጣጣ ከደመናም ከሞተርም አልመጣም። ገና ከመሬት ሳልነሳ ነው ጉድ የሆንኩት።

አውሮፕላኗ ሴስና 172 ናት። አራት ወንበርና አንድ ሞተር ያላት፣ ስንቱ ጀማሪ በረራ የተማረባት። ሞተሩን አስነስቼ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ጠየቅኩ። ተቆጣጣሪዋ በታክሲዌይ አልፋ (ወደ መንደርደሪያው በሚወስደው የመሬት መንገድ) በኩል ሄጄ ከመንደርደሪያ 27 በፊት እንድቆም ነገረችኝ። እኔም ትዕዛዙን መልሼ ደገምኩላት፤ ከ27 በፊት እቆማለሁ፣ ከነመለያ ቁጥሬ። የድምፅ ቅጂውን ብታዳምጡት የጎበዝ ተማሪ መልስ ነው።

ግን ቃሉ ከአፌ ወጣ እንጂ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም። ከዚያ በፊት በነበሩት በረራዎች ከመንደርደሪያው በፊት ያለው የመቆሚያ መስመር ጋ ስደርስ፣ ገና ጎማው ሳይቆም «ግባ፣ ተነስ» እባል ነበር። ብዙ አውሮፕላን የማይበዛበት ሰዓት ስለምመርጥ ጠብቄ አላውቅም። ልማድ ክፉ ነው። ጆሮዬ ትዕዛዙን ሰማ፣ እግሬ ግን የሚያውቀውን ሠራ።

በዚያ ላይ ወሬ ነበር። ጓደኛዬ ፊት ለፊታችን ወደተደረደሩት መለኪያዎች ጠቆመና «ይሄ ሰዓት የመሰለው ምንድነው?» አለኝ። የከፍታ መለኪያው ነው። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ «ትልቋ እጅ መቶዎቹን ነው የምታሳየው፣ ትንሿ ደግሞ...» እያልኩ ሳለ ሄድሴቱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ቁም! እዚያው ቁም!»

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፍታ ተነቃነቀችና ቆመች። ቀና ብዬ ቢጫውን መስመር ብፈልገው የለም። ከኋላዬ ቀርቷል። በግራ በኩል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለማረፍ ጥቂት ሲቀራት ሞተሯን ሙሉ ከፍታ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ እየጮኸች በላያችን አለፈች። ሆዷ ላይ ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ የተዘረጋ የዘይት እድፍ አየሁ። እስከዛሬ ድረስ ቅርጹን ልስልላችሁ እችላለሁ።

ተቆጣጣሪዋ ወዲያው ድምጿን አረጋጋች። እንድመለስ ነገረችኝና የምደውልበት ስልክ ቁጥር እንዳላት፣ ለመጻፍ ዝግጁ ስሆን እንዳሳውቃት ጨመረች። አብራሪዎች ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ሆዳቸው ይገለባበጣል። ቁጥሩን ጉልበቴ ላይ ባሰርኩት ደብተር ጻፍኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በኋላ ሳየው 3ቱ ከ8ቱ አይለይም።

በረራው እዚያው አበቃ። ሞተሩን ሳጠፋ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ «በኔ ነው አይደል?» አለ። አይደለም አልኩት። እውነትም አይደለም፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስልኩን ደወልኩ፣ የሆነውን ሳላድበሰብስ ተናገርኩ፣ ሪፖርቱንም ጻፍኩ። እንደፈራሁት አልነበረም። የከበደኝ አስተማሪዬ ፊት መቅረቡ ነው። ሳይቆጡ አስቀመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ስታልፈው መስመሩ ምን ይመስል ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አላየሁትማ!

ወረቀት አውጥተው አራት ቢጫ መስመር ሳሉልኝ። ሁለቱ ድፍን፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። «ድፍኖቹ ወዳንተ ከሆኑ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም መቆጣጠሪያ ማማው ጋ ነው። የተቆራረጡት ወዳንተ ከሆኑ ከመንደርደሪያው እየወጣህ ነው፣ እለፍ» አሉኝ። ከመስመሩ ጎን ደግሞ ቀይ ሰሌዳ ላይ በነጭ የተጻፈ ቁጥር አለ። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼ ደፍኜዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ሰሌዳውም መስመሩም በአጠገቤ ሲያልፉ እኔ ሰዓት እያስነበብኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ሲያጣኝ የአደጋ ዘገባ ማንበብ ጀመርኩ። አልመክርም፣ እንቅልፉ ጭራሽ ይጠፋል። ከሁሉም ያልለቀቀኝ ጣሊያን ውስጥ ሚላን ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኦክቶበር 8 ቀን 2001 የደረሰው ነው። ጭጋግ ነበር። አንዲት ትንሽ ሴስና ሳይቴሽን ጄት አር 5 በሚባለው ታክሲዌይ እንድትሄድ ተነግሯት በአር 6 ገባች። የመሬት ራዳሩ አይሠራም ነበርና መሳሳቷን ከማማው ያየ የለም። ለመነሳት እየተንደረደረ ከነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጨች፤ 118 ሰው ሞተ። እነሱ ቢያንስ ጭጋግ ነበረባቸው። እኔ የነበረብኝ ፀሐይ ነው።

አሁን የማደርገው ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። ትዕዛዙን ከመመለሴ በፊት እጽፈዋለሁ፤ «ቁም» የሚለውን ደግሞ አከብበዋለሁ። ጎማው እየተንከባለለ ወረቀት አላነብም፣ ሬዲዮም አልነካካም። ግራ ከገባኝ ቆሜ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ተቆጣጣሪዎች ድምፃቸው ላይ መሰላቸት ይሰማል፤ ይሰልቹ። መስመሩ ጋ ስደርስ በጣቴ እጠቁምና ጮክ ብዬ «ድፍን» እላለሁ። ብቻዬን ስሆንም እላለሁ፣ የሚያየኝ ሰው ቢስቅም። የመግባት ፈቃድ ካገኘሁ በኋላም ሳልገባ ሊያርፍ የሚመጣ እንዳለ ግራ ቀኙን አያለሁ፣ የማረፊያ መብራቱን አበራለሁ።

መንደርደሪያው ላይ ከቆምኩ በኋላ ኮምፓሱን አያለሁ። 27 ማለት ወደ 270 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው፣ ዜሮዋ ተጥላ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ኦገስት 2006 አሜሪካ ሌክሲንግተን ላይ አንድ የመንገደኞች ጄት ከ22 መነሳት ሲገባው አጭሩ 26 ላይ ገብቶ ተንደረደረ፤ ከ50 ሰው የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ያበረሩት ባለሙያዎች ናቸው።

ያቺ በላያችን ያለፈች አውሮፕላን ሌላም ነገር አስተምራኛለች። ማረፍ ትቶ እንደገና መነሳት ድሮ ሽንፈት ይመስለኝ ነበር። ያን ጠዋት ሁላችንንም ያተረፈን ግን የዚያ አብራሪ አለማመንታት ነው። ከወራት በኋላ ንፋስ በበዛበት ቀን፣ ለማረፍ በ65 ኖት (የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው) መምጣት ሲገባኝ በ75 መጣሁ። አሥር ኖት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አውሮፕላኗን ለማቆም የሚጠፋው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። መሬቱ ከሥሬ ሲሸሽ አየሁት፣ አውሮፕላኗ እንደተንሳፈፈች ናት። ሞተሩን ሙሉ ከፍቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ዙር አረፍኩ። ማንም ምንም አላለኝም።

ጓደኛዬን ዳግም የወሰድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሞተር ሳላስነሳ ነገርኩት፤ እጄን ካነሳሁ ወሬ የለም፣ ሌላ አውሮፕላን ካየህ ግን ጩህ። መንቀሳቀስ ስንጀምር እጄን አነሳሁ። መስመሩ ጋ ቆምን። ጠቆምኩ፣ «ድፍን» አልኩ፣ እሱም በጣቱ ጠቆመ። አራት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሁለት አውሮፕላኖች አረፉ። ተነስተን 1000 ጫማ ካለፍን በኋላ እጄን አወረድኩ።

ዝም ብሎ ትንሽ ቆየና ወደ መለኪያዎቹ ጠቆመ።

«እና ትንሿ እጅስ?»