አምስቱ ብልቃጦች

የካንሰር መድኃኒት በማዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ከሁሉም አብልጠው የሚያስጨንቁኝ ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን ናቸው። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ስለሆነ በዓይን ይለያል። እነዚህ ሁለቱ ግን ተዘጋጅተው ሲርንጅ ውስጥ ሲገቡ ጥርት ያሉ፣ ቀለም የሌላቸው ፈሳሾች ናቸው። ሁለቱም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስማቸውም ይቀራረባል። የተገኙትም ከአንድ ተክል ነው። መነሻዋ ማዳጋስካር ሆኖ፣ ሮዝና ነጭ አበባዋ ስለሚያምር እዚህ ሐዋሳም በየግቢው ለጌጥ ትተከላለች።

ገጠመኙ የደረሰው ሆጅኪን ሊምፎማ በተባለ የንፍፊት ካንሰር በሚታከም ወጣት ላይ ነው። ሕክምናው አራት መድኃኒቶች በአንድ ቀን የሚሰጡበት፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚደገም ነው። ከአራቱ ሦስቱ ከተፈጥሮ የተገኙ ናቸው፤ ዶክሶሩቢሲንና ብሊዮማይሲን ከአፈር ባክቴሪያ፣ ቪንብላስቲን ደግሞ ከዚህችው አበባ። አራተኛው ዳካርባዚን ብቻ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው።

በዚያ ሰሞን ቪንብላስቲን ከመደብሩ አልቆ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲገዛ ወረቀት ተጻፈለት። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም በምህጻረ ቃል ሰፍሮ ከጎኑ 10 ሚሊግራም ተብሏል። ወንድምየው በማግሥቱ በበረዶ የታሸገ ሳጥን ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ በመንገድ ላይ እንደነበር ፊቱ ይናገራል።

ሳጥኑን የተቀበለችው የክፍሉ ነባር ነርስ ናት። ከፍታ አየችና ወደ እኔ መስኮት መጣች።

«ይህ ሰው አምስት ብልቃጥ ይዞ መጥቷል» አለችኝ። «ለዚህ ልጅ እስከ ዛሬ የምትቀዳለት ከአንድ ብልቃጥ አልነበረም እንዴ?»

መለያውን አብረን አነበብነው። ቪንክሪስቲን፣ እያንዳንዱ 2 ሚሊግራም። አምስት ጊዜ ሁለት አሥር ስለሚሆን ሂሳቡ ከወረቀቱ ጋር ልክ ገጥሟል። ሻጩም፣ ገዢውም ቁጥሩን አይተው ረክተዋል። ያልገጠመው የመድኃኒቱ ማንነት ነበር።

ወንድምየው ስንነጋገር ሰምቶ ተጠጋ። ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ አልተቀበለውም። «ዶክተር፣ ሁለቱም ከአንድ አበባ የሚወጡ ናቸው፣ ሥራቸውም አንድ ነው ብለውኛል። ታዲያ ምን ይለያቸዋል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበርና ቁጭ ብለን አስረዳሁት።

ሥራቸው አንድ ነው መባሉ እስከ ሴሉ ድረስ እውነት ነው። ሴል ሊከፈል ሲል ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ወገን የሚስቡ፣ ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን የሚገነቡ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሠራል። ሁለቱም መድኃኒቶች ቱቡሊንን ይዘው ግንባታውን ያስቆማሉ። ሴሉ መከፈል ይጀምራል፤ መጨረስ ግን አይችልም፤ ይሞታል። በኬሚካዊ አወቃቀራቸውም የሚለያዩት በአንድ ናይትሮጂን ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ቪንብላስቲን ሜቲል፣ ቪንክሪስቲን ፎርሚል ይዟል።

ሰውነት ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም። ቪንብላስቲን በዋናነት የሚጎዳው መቅኒን ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሱና ከቀናት በኋላ ያገግማሉ። ቪንክሪስቲን ነርቭን ያጠቃል። ነርቭ ባይከፈልም እነዚያው ቱቦዎች ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት ድረስ ስንቅ የሚመላለስባቸው መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ቀድመው የሚታመሙት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው። ጣት ይደነዝዛል፣ እግር መነሳት ያቅተዋል፣ አንጀትም ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ቪንብላስቲን በዚህ ሕክምና ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ቆዳ ስፋት 6 ሚሊግራም ይታዘዛል። ቪንክሪስቲን ግን 1.4 ሚሊግራም ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ ሰውየው የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ከ2 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። የወጣቱ መጠን 9 ሚሊግራም ነበር። ያን ያህል ቪንክሪስቲን ቢገባበት የሚያፈርሰው መድኃኒት የለም። ግማሹን ከደም ለማስወገድ በአማካይ 85 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለቪንብላስቲን ይኸው ጊዜ 25 ሰዓት ያህል ነው።

ወንድምየው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ሊገድለው ነበር» አለ። «አዎ» አልኩት። ማለሳለስ አልፈለግኩም፤ እውነቱን የማወቅ መብት ነበረው።

ወደ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ከተፈጥሮ የተገኘ መድኃኒት ገር ይመስላቸዋል፤ ይህ አስተሳሰብ በጣም ያሳስበኛል። ካናዳ ውስጥ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር የዚህችን አበባ ቅጠል ሲመረምሩ ፍለጋቸው የስኳር በሽታ መድኃኒት ነበር፤ ቅጠሉ እ.ኤ.አ. በ1952 ከጃማይካ የተላከ ነው። ስኳሩ አልወረደም፤ የአይጦቹ ነጭ የደም ሴል ግን ወረደ። ቪንብላስቲን የተገኘው በዚህ ጉዳት ምክንያት ነው። ከአገራችን የተወሰደውን፣ ከአጣጥ ወገን የሆነውን ቁጥቋጦም አነሳላቸዋለሁ። ኬሚስቱ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ከእርሱ ያወጡት ሜይታንሲን ያው ቱቡሊንን ያጠቃል፤ ነገር ግን መርዝነቱ ስለበዛ ለብቻው መድኃኒት መሆን አልቻለም። ከሜይታንሲን የተሠራ ውህድ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ያውም የካንሰሩን ሴል ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ። እነዚህ ሁሉ በተፈጥሮ መርዝ ናቸው፤ ሕክምና የሚያደርጋቸው መጠንና መድረሻ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳይሆን ነርሷ ቀድማ ጠየቀች፤ ትክክል ነበረች። የካንሰር መድኃኒት ስም በምህጻረ ቃል እንዳይጻፍ ተስማማን። ሁለቱም መድኃኒቶች በሲርንጅ መውጣታቸው ቀርቶ በትንሽ የጉሉኮስ ወይም የጨው ውሃ ከረጢት ተበጥብጠው እንዲሰጡም ወሰንን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ መክሮ ነበር፤ ምክንያቱም ቪንክሪስቲን በስህተት ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ከተወጋ ይገድላል፤ ከረጢትን ግን ማንም ከአከርካሪ መርፌ ጋር አያምታታውም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የነርሷን ሐሳብ ነው። የግዢ ወረቀት ላይ ሚሊግራም ብቻ ሳይሆን የብልቃጡ መጠንና ብዛትም ይጻፍ አለች፤ «ቪንብላስቲን፣ ባለ 10 ሚሊግራም፣ አንድ ብልቃጥ» ተብሎ። የተሳሳተው መድኃኒት ቢቀርብ እንኳን ከብልቃጡ መጠን ጋር አይገጥምም፤ ሻጩም ለመጠየቅ ይገደዳል።

ወጣቱ ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኘው ከሳምንት በኋላ ነው። ወንድምየው ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ሲሄድ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከመድኃኒት ቤቱ ደወለልኝና ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አነበበልኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩትና እንዲከፍል ነገርኩት።